የታጠፈው ጆሮ

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ። ጠዋት።

ደብተሬ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺም መጻፉ ይሻል እንደሆነ እንጃ። ልጅቷን የምወዳት አይመስለኝም። አሁን ደረቴ ላይ በሻሽ ታስራ ተኝታለች። አንቺ ጉልበቴ ላይ ነሽ። አንገቴን ማጎንበስ ስለማልችል ጽሑፌ ተንጋዷል፤ ይቅር በዪኝ።

ደክሞኛል። ሌላ የምለው የለኝም።

ታላቅ እህቴ ቲጂ በሰባት ወሯ ወለደቻት። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ገላ ለገላ ታቀፏት፣ ቀንም ሌሊትም፣ እንደ ካንጋሮ አለችን። ካንጋሮ አይቼ አላውቅም። የቲጂ የኦፕራሲዮን ቁስል አመርቅዞ ቀና ማለት አቃታት። እማዬ ቢሮ ልታጸዳ ትሄዳለች። የቲጂ ባል ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር ላይ። የቀረሁት እኔ። ጎፋ ከምሠራበት ፀጉር ቤት ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ባለቤቷ ሌላ ልጅ አስገብታለች ሲሉ ሰማሁ። ደውዬ አልጠየቅኩም። እኔ መቼ ጠይቄ አውቃለሁ።

ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የገዛ ሐሳቤን እንኳ አልሰማም። መብራትም የለም። ልጅቷን የሚያሞቃት የእኔ ገላ ብቻ ነው። ብንቀሳቀስ ትነቃለች። ሽንቴ መጥቷል።

ሐምሌ 11፣ አርብ። ከሰዓት በኋላ።

አከራያችን እትዬ ብርቄ አጥሚት ይዘው ገቡ። ሻሹን ገለጥ አድርገው አዩዋትና እንዴት ታስጠላለች፣ ይቺ አይጥ፣ አሉ። እንዲህ የሚሉት ዓይን እንዳይበላት ነው፤ ቆንጆ ከተባለች አለቀላት። ሲሰድቧት ግን ጉንጫቸው ይስቃል። የሰባት ወር ልጅ ታድጋለች፣ የማያድገው የስምንት ወሩ ነው ብለው አጽናኑን። ቲጂ ወደ ግድግዳው እንደዞረች ናት። የጡቷን ወተት ብርጭቆ ውስጥ አልባ ትሰጠኛለች፤ ስትሰጠኝም አትዞርም፣ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ትዘረጋለች።

ግቢው ውስጥ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያላት የለም። አፋቸው ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ገንፎ አልተገነፋም። እልልታም አልነበረም። ምክንያቱን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንቺ ስለማታውቂ ልንገርሽ። ካቻምና ቲጂ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። እማዬ ከውጭ በር ጀምራ እልል አለች፣ ግቢው ሁሉ ተቀበላት፣ ገንፎው በቅቤ ዋኘ። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ደስታ ጮክ ከተባለ አንድ የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚነጥቅ ያለ ይመስላታል። ስለዚህ ለዚህችኛዋ ሁላችንም ዝም ብለናል። ስም እንኳ አልወጣላትም። «ልጅቷ» ነው የምንላት።

ለእኔም ነግራኛለች። ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «በጣም አትዪያት» አለችኝ።

አላያትም። ኮርኒሱን ነው የማየው። ዝናብ ያበላሸው ቡናማ ክብ አለው። በየቀኑ ትንሽ ይሰፋል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ።

ቤ/ክ አልሄድኩም። እንደ ድሮው ቢሆን ይቆጨኝ ነበር። ዛሬ መቅረቴ እረፍት ሆነልኝ። ጸሎት አደርሳለሁ፣ ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ እኔ ግን የለሁበትም። የባዶ ቤት በር እንደ ማንኳኳት ነው። ወይም ቤቱ ውስጥ ሰው ኖሮ የማንኳኳው እኔ አይደለሁም።

እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት መቁጠር ጀመርኩ። ሕፃን ሆኜ ሰ/ት/ቤት በቃሌ ተወጥቼ እርሳስ ተሸልሜበታለሁ። የእሑድ ስምንት፣ የሰኞ አንድ። ሐሙስ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ተውኩት።

ያኔ መምህራችን ከፍጥረት ያስደነቃችሁን ነገር አምጡ ብለውን ነበር። ሌሎቹ አበባ ይዘው መጡ። እኔ ከአጥር ሥር ቀንድ አውጣ አገኘሁ። ቤቷን ተሸክማ ስትሄድ፣ ቀንዷን ስነካው ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አየኋት። ይህን የሚያህል ነገር ሠርቶ አጥር ሥር የሚጥል ምን ያህል ቢኖረው ነው ብዬ ገርሞኝ ነበር። በእጄ ይዣት ቆምኩ። እጄ በልጋጓ ተለወሰ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቁ። ከዚያ በኋላ «ቀንድ አውጣ መጣች» ነበር ስሜ፤ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ለማንም ምንም አሳይቼ አላውቅም ከዚያ ወዲህ። እያደር ማየቱንም ተውኩ መሰለኝ።

ወገቤ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ።

ዛሬ አየኋት። ሳላስበው ነው።

ወተት በሲሪንጅ ላጠጣት ቀና ሳደርጋት አንዱ ጆሮዋ ታጥፏል። ተኝታበት ነው። ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልተመለሰም። እንደ ጠወለገ ጎመን ቅጠል ተጣጥፎ ቀረ። ሰበርኳት ብዬ ደነገጥኩ። በጣቴ አቃናሁት። ልስላሴው ያስፈራል፤ ውስጡ ምንም የለም።

ጤ/ጣቢያ የክብደት ቀጠሮ ነበረን። እኔና እማዬ ሄድን። ጨምራለች አሉን፣ ትንሽ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ፈገግታዋን ማን እንዳያይባት እንጃ። ለነርሷ ስለ ጆሮዋ ለመናገር መግቢያው ላይ ተለማመድኩ። ውስጥ ገብቼ ጠፋኝ። ስንወጣ ከበሩ ተመልሼ፣ በሹክሹክታ ነገርኳት። አልሳቀችም። የጆሮዋን ጫፍ በጣቷ እያሳየችኝ ማሕፀን ውስጥ ማለቅ የነበረበት ነው አለች። «አይዞሽ፣ ገና እየተሠራ ነው።»

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ጀሞ ጀሞ እያለ ይጮሃል፣ ሰው ይገፋኛል፣ እኔ ይህችኑ ቃል ይዣለሁ። እየተሠራ ነው። ማን ነው የሚሠራው? እኔ አጠጣለሁ፣ አሞቃለሁ። ጆሮ መሥራት ግን አልችልም። ቲጂም አትችልም።

ደብተሬ፣ እኔ በስድስት ቀን ሠርቶ ጨርሶ ያረፈ ነበር የሚመስለኝ። ሩቅ፣ የጥንት፣ ያለቀ ነገር። ከዚህ ጆሮ ላይ ግን እጁን አላነሳም። እዚሁ ለቡ፣ በኪራይ ቤት፣ ሸሚዜ ውስጥ ሥራ ላይ ነው። እኔ ኮርኒስ ሳይ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ።

ከትናንት ወዲያ የጻፍኩትን ሳነበው አሳፈረኝ።

ዛሬ ትንፋሿ ቆመ። ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ውስጥ እኔና ቲጂ ብቻ። ደረቴ ላይ የለመድኩት ትንሽ ነገር ሲቀር ታወቀኝ። ሻሹን ስገልጥ ከንፈሯ ጠቁሯል። ነርሷ እንዳሳየችን ውስጥ እግሯን ቧጨርኩ፣ ጀርባዋን አሸሁ። ምንም። እንደገና። ምንም። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል አለቀሰች።

ቲጂ ወደ ግድግዳው እንደዞረች፣ «ሞተች?» አለች። ድምፅዋ ሰዓት የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ልጅቷን ይዤ፣ በተለያየ ጫማ፣ ጭቃውን ሮጥኩ። ጤ/ጣቢያ መረመሯት። አሁን ደህና ናት፣ በርዷት ይሆናል፣ አጥብቃችሁ አሙቋት፣ ከደገማት ቀጥታ ሆስፒታል አሉ። የቲጂንም ቁስል ጠየቁኝ። ከሰሞኑ ደርቋል አልኳቸው። ታዲያ ለምን እሷ አትታቀፋትም አሉኝ።

አሁን ገባኝ። ቁስሉ አይደለም። ዞራ ካየቻት ልጇ ትሆናለች። ልጇ ከሆነች ደግሞ ትሞትባታለች።

እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ አልኩት፤ የጀመርከውን ጨርስ። ጸሎት ከሆነ እንጃ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ። ገብርኤል።

እማዬ ከነጋ ወደ ገብርኤል ሄደች። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጣ። በዚህ ክረምት! በርጩማ አውጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠኋት።

ብርሃኑ ከኋላ ሲመታው ጆሮዋ ቀላ። ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች። ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ ቅርንጫፉም ሌላ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ ዓይኔ አልደርስበት አለ። ማንም በማያየው ቦታ ይህን ሁሉ ልፋት። ጠርዙ ላይ እንደ ኮክ ያለ ጸጉር ነገር። በጣም አትዪያት የተባልኩትን ረሳሁት። አየኋት። አየኋት።

ከዚያ በጣቴ ቀስ አድርጌ አጠፍኩት። ለቀቅኩት። ተመለሰ።

እንደገና። ተመለሰ። በራሱ!

ሳቅኩ መሰለኝ። እትዬ ብርቄ ልብስ ሲያሰጡ ዞረው አዩኝ። ተነስቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። አልጋው አጠገብ ስደርስ ያ የድሮው ነገር መጣብኝ፤ እጄ የተለወሰ፣ ሰው ሊስቅ የተዘጋጀ መሰለኝ። ልመለስ አልኩ። እግሬ እንቢ አለ።

«ቲጂ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ሳትዞር፣ «አንቺ ቀንድ አውጣ» አለችኝ፣ «ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ጆሮዋ አልቋል አልኳት። ባጠፍኩት ቁጥር ይመለሳል አልኳት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ልጅቷን ከጀርባዋ አስተኛኋት። ቲጂ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ብርጭቆውን እንደምትሰጠኝ። ጣቷ ጆሮውን ፈልጎ አገኘው። አጠፈችው። ተመለሰ። ደግማ አጠፈችው። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ተነጫነጨች።

«እሺ፣ እሺ፣ አልነካሽም» አለቻት።

ዞራ።

ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጭቃውን አየሁ። ስመለስ የሸሚዟ ቁልፍ ተፈቷል፣ ልጅቷ ደረቷ ላይ ናት፣ ቲጂ አገጯን አናቷ ላይ አስደግፋ ያለ ድምፅ ታለቅሳለች።

ሐምሌ 20፣ እሑድ። ማምሻውን።

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ ደረቴ በረደኝ። ቀለለኝም፣ ጎደለኝም። ወደ ፀጉር ቤቱ መመለስ እንዳለብኝ አሰብኩና ድካሙ ሁሉ እንደገና መጣ። ቲጂ አልሰጥም ብላለች። ጥፍሯን አየሽ፣ ይሄን አየሽ እያለች ትጠራኛለች። የማላውቀው ይመስል እሄዳለሁ።

እማዬ ትናንት ስትገባ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ዛሬ እትዬ ብርቄ እንግዲህ እልል እንበላ አሉ፣ ለሴት ሦስት ነው አሉ። እማዬ በእኛ አገር አምስት ነው አለች። እትዬ ብርቄ አምስት የት ተሰምቶ አሉ። ሊጣሉ ደረሱ። ከዚያ እማዬ ድንገት ፊቷ ተለወጠ። ክርስትና እስክትነሳ ይቆይ፣ ፈጣሪን አንፈታተነው አለች። ቲጂ የልጅቷን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች።

ያንን ሳይ ታሰበኝ። ያ ጆሮ አለቀ። እስካሁን የሰማው ምንድን ነው? ቆርቆሮና ዝናብ። የታክሲ ረዳት። ሞተች ወይ የሚል ጥያቄ። የቀረው የእኛ ዝምታ።

እማዬ የምትፈራው ሰሚ ያንን ጆሮ ሲሠራ የከረመው ከሆነ፣ በእልልታ የሚከፋ አይመስለኝም። የሠራውን አይተን ዝም ስንለው ይከፋው እንደሆን እንጂ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ትንፋሿ እንደገና ሊቆም ይችላል። እሱን ፈርቼ ዛሬ ያየሁትን አላየሁም ልበል?

እልል ብዬ አላውቅም፣ ደብተሬ። ሰርግ ቤት እንኳ አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ድምፄ ይሰበራል። ግቢው ይስቃል። ይሳቅ።

ነገ ጠዋት፣ እማዬ ሥራ ሳትሄድ፣ በሩን ከፍቼ እልል እላለሁ። ሦስትም ይሁን አምስት፣ የቀረውን እነሱ ይጨርሱት።