የወንዙን ድምፅ ሲያዳምጡ የኖሩት የወ/ሮ ውባለም ሰለሞን የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ውባለም ሰለሞን ከአባታቸው ከአቶ ሰለሞን ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርንጎ ወልደማርያም፣ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ከፍ ብላ በምትገኝ የቀወት መንደር በግንቦት ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የዚያን ግንቦት ሙቀት ያዩ ሽማግሌዎች፣ ሰው ይቅርና የሰው ጥላ ያልበው ነበር ብለው ይመሰክራሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወደ ከተማ እየወረዱ እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል። ትምህርቱን ያቋረጡት ሰንፈው አይደለም። በአንድ የሰኔ ቀን የሮቢ ወንዝን ሲሻገሩ ደራሽ ውሃ መጥቶ ደብተራቸውን ከነቦርሳው ነጥቆ ወሰደ። አባታቸውም «ዛሬ ደብተሯን ወሰደ፣ ነገ ማንን ሊወስድ ነው?» ብለው አስቀሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወ/ሮ ውባለም ያንን ወንዝ ለአንድ ቀን እንኳ አምነውት አያውቁም።

በ1976 ዓ.ም. ከአቶ መስፍን ተፈራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። የአቶ መስፍን ማሳ የት ቢሆን ጥሩ ነው? እዚያው ወንዝ ዳር! ከወንዝ ሸሽተው ወንዝ ዳር ተዳሩ። በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፓፓያ እያመረቱ ሐናንና ሮቤልን ወልደው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አበባ ማምረት የጀመሩት በ2000 ዓ.ም. ነው። የጎረቤት ሙሽራ የፕላስቲክ አበባ ይዛ ቢያዩ ሠርጉን ሳይጨርሱ ወጡ። ከአጣዬ አንድ ሆቴል ግቢም የጽጌረዳ ቁርጥራጭ በነጠላቸው ይዘው መጡ፤ ሆቴሉ ይወቅ አይወቅ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አላጣራም። አበባውን የሰኔ ጾም ሳይገባ ለሙሽሮች ሸጠው ይጨርሱት ነበር። ጾሙ ሲገባ ሙሽራ ይጠፋል፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይፈለጋል፤ ያኔ ወደ ሽንኩርታቸው ይዞሩ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያ የሆቴል ግቢም አብሮ ነደደ። መንገዱ ሲከፈት ወ/ሮ ውባለም ከራሳቸው ጽጌረዳ ቆርጠው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ሄደው ግቢው ውስጥ መልሰው ተከሉ። ዘበኛው «እማማ፣ ማን ላከዎት?» ቢላቸው «ብድር አለብኝ» አሉት።

የክረምት መግቢያ ግን ለእሳቸው የጭንቅ ወቅት ነበር። የሮቢ ወንዝ ጠባይ ይታወቃል፤ እዚህ ፀሐይ ድንጋይ እየሰነጠቀ፣ ከላይ ደብረ ሲና ደጋው ላይ ዘንቦ ከተፍ ይላል። አቶ መስፍን «ሰማዩ እኮ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏቸው «የእኛን ሰማይ መች አየሁት! የደብረ ሲናን ነው እንጂ» ይሉ ነበር። የውሃ መሳቢያውን ሞተር በየምሽቱ ከወንዙ ዳር አሸክመው መኝታ ቤት ያስገቡ ነበር። የባጃጅ ልጆች «እትዬ ውባለም፣ ሞተሩ ዛሬ እራቱን በላ?» ብለው ሲተርቧቸው «ሳቅ አንተ! ወንዙ ባጃጅህን ሲነዳት እናያለን» ብለው ይመልሱ ነበር።

ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1988 ዓ.ም. ጎርፉ የማሳውን ሲሶ ከነፓፓያው ወስዷል። ዶሮ እንቁላሏን እንደታቀፈች ከነቅርጫቷ ተንሳፍፋ፣ ከታች ጎረቤታችን ወ/ሮ ሰይዳ ደጅ ደረሰች፤ ጫጩቶቹም እዚያው ተፈለፈሉ። ወ/ሮ ሰይዳ «የአላህ ሲሳይ ነው» ብለው ግማሹን አስቀርተው ግማሹን መለሱ። ያላመነ ወ/ሮ ሰይዳን ይጠይቅ። መሬቱን ግን ማንም አልመለሰም።

ወ/ሮ ውባለም ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሆነውም ስለ መድኃኒታቸው ጠይቀው አያውቁም። የሚጠይቁት «የሽንኩርቱ አንገት ወደቀ ወይ?» ብለው ነበር፤ ሽንኩርት ለመነቀል ሲደርስ አንገቱ ይወድቃልና። ሰኞ ዕለት ሐና «ወድቋል እማዬ» ስትላቸው «እንግዲያው ነገ ንቀሉት፣ ወንዙ ቀጠሮ አያከብርም» አሉ። ማክሰኞ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በሽንኩርቱ ፈንታ ድንኳን ተተከለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የደብረ ሲና ሰማይ ጠቆረ። ሁላችንም አየነው። በመጨረሻ ሮቤል የሽንኩርቱን ነገር ቢያነሳ አቶ መስፍን «ሬሳ አስተኝቶ ሽንኩርት የሚነቅል ቤት ልታስብለኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ሐናም «እማዬ ብትሰማን ተነስታ ራሷ ትነቅለው ነበር» ብላ አለቀሰች። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ ጭንቁም እዚያ ላይ ነው።

ያኔ የወ/ሮ ሰይዳ ባለቤት አቶ ሙሳ ከድንኳኑ ጥግ ተነሱ። «መስፍን፣ ስማኝ ወንድሜ። ነገ እናንተ ከሬሳው ጋር ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ፣ እኛ ድሮም ከበር ውጭ ቆመን ጠባቂዎች ነን። እናንተ ፍትሐቱን አድርሱ። እኛ ቆመን ፀሐይ ከምንሞቅ ሽንኩርቷን እናውጣላት» አሉ። አቶ መስፍንም «ጆንያው አልጋው ሥር ነው» አሉ።

ስለዚህ ይህ ታሪክ በሚነበብበት በዚህ ሰዓት ሙስሊም ወንድሞቻችንን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ብታጧቸው አትታዘቡ። እህታችንን ንቀው አይደለም፤ ቃሏን ሊፈጽሙ ወንዝ ዳር ናቸው። ይህ ሲጻፍ ተራራው እንደ ጠቆረ ነው፤ ውሃው ይቅደም እነሱ ይቅደሙ እግዚአብሔር ያውቃል።

ወ/ሮ ውባለም የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጆች እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። በኀዘናችን ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። አንድ ነገር ግን እናስቸግራችሁ። ከቀብር መልስ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በድንኳኑ በር ተዘጋጅቷል። እጃችሁን ከመታጠባችሁ በፊት በማሳው በኩል እለፉ፤ ቲማቲሙና፣ እሳቸው ከታመሙ ወዲህ ወንዝ ዳር የሚያድረው ሞተር ገና አልወጡም።

የእህታችንን ነፍስ እግዚአብሔር ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ፣ ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን። እኛንም ከውሃው በፊት ያድርሰን፤ ቶሎ ቶሎ እንራመድ።