የክኩ ገጽ ሳይታተም

ለውድ እህቴ ለምስራቅ፣

እንደምን ከርመሻል? እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ፣ ያ ሲበርድ የሚያምሽ ጉልበትሽስ? ባለቤትሽ ባየው ደህና ነው? ልጅሽ ናዝራዊትስ ትምህርቷ እንዴት ሆነላት? እናንተ አገር በዚህ ወር ፀሐይ ገና በዘጠኝ ሰዓት ትጠልቃለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና፣ ጨለማውን እንዴት ቻላችሁት እያልኩ ሳስብ ነው የከረምኩት። እኛ አምላክ የተመሰገነ ይሁንና ሁላችንም ደህና ነን። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ጋሽ ጣሰው በሁለት ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርበው ይተኙና ጠዋት ደግሞ «ዘንድሮ ብርዱ ቀለል ብሏል» ይላሉ። እኔም ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ አፌማ ምን ሆኖ፣ እንደምታውቂው ነው።

የመጽሐፍሽ ረቂቅ ደርሶኛል። ጎረቤታችን ገብረአብ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ ሲመጣ ክብደቱን አይቼ ድጓ የላክሽልኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት መቶ አርባ የጾም ምግብ! እኛ ጾም በገባ ቁጥር ዛሬ ደግሞ ምን ይሠራ እያልን ስንጨነቅ፣ አንቺ ኖርዌይ፣ በርገን ተቀምጠሽ ይህን ሁሉ ሰበሰብሽ። ኮርቼብሻለሁ። ግን እንዳሞግስሽ አይደለም የላክሽልኝ። «ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀኝ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው፤ እትዬ፣ ባለሙያ ሴቶች ሰብስበሽ እየሠራችሁ ቅመሱልኝና እውነቱን ንገሪኝ፤ ያንቺን ቃል ሳልሰማ አላሳትምም» ብለሻል። እውነቱን ልንገርሽ፤ መጽሐፉ ይታተም፣ አንድ ገጽ ግን ሳይስተካከል እንዳይታተም። የዚያ ገጽ ነገር ከወጥ አልፎ የእኔው ጥፋት የተገኘበት ሆኗል። እስቲ ከመጀመሪያው ላውጋሽ።

ቀማሾቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ የአንኮበሯ ታንጉና ፋና። ታንጉን ታውቂያታለሽ፤ ዛሬም ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ ወጡን ለእሷ ነው የሚሰጠው። ፋናን አታውቂያትም። ከወለጋ ተፈናቅላ እዚህ መጠለያ ጣቢያ ነው የምትኖረው፤ ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀን ወዳጅ ሆነናል፣ እጇ የተባረከ ነው።

ታንጉ መጀመሪያ ነገሩ አላማራትም። «ወጥ በመጽሐፍ ይሠራል እንዴ? የእኔ መጽሐፍ እጄ ነው» አለች። ስልጆውን ስትቀምስ ግን ዝም አለች፤ ታንጉ ዝም ካለች ደግሞ መሰከረች ማለት ነው። ቀጥላ ዘይቱ ላይ ተነሳች። «ለስድስት ሰው ሁለት ማንኪያ ዘይት? ይሄ ወጥ ለመሥራት ነው ወይስ ድስት ለመቀባት?» ብላሻለችና ጨምሪበት። ፋና ልኬቱን በሻይ ብርጭቆ ማድረግሽን በጣም ነው የወደደችው፤ ቤት ንብረቱን ጥሎ የመጣ ሰው ሚዛን ባይኖረው ብርጭቆ አያጣም አለች። ያዘነችው አንጮቴ ባለመኖሩ ነው። እነሱ አገር የሚወደድ ሥራ ሥር ነው፤ «ሦስት መቶ አርባ ምግብ ተጽፎ አንጮቴ ይቀራል?» ብላ አሠራሩን በቃሏ ነግራኝ ጽፌዋለሁ፣ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ብሮኮሊ የምትዪው ያለባቸውን ገጾች ዘለናቸዋል፤ እኛ ገበያ ላይ ያገኘነው ጥቅል ጎመን ነው። የሱፍ ፍትፍቱ፣ አዚፋው፣ አራቱ ዓይነት ሽሮ ግን እንከን አልወጣላቸውም። ጋሽ ጣሰው እንኳ «ይሄን ማን ሠራው?» ብለው ጠይቀዋል፤ በአርባ ዓመት ትዳራችን ጠይቀው አያውቁም።

ከዚያ የክክ አልጫው ገጽ ላይ ደረስን። «የአተር ክኩ በፈላ ውሃ ገብቶ በአርባ ደቂቃ ይበስላል» ብለሻል። ፋና በስልኳ ሰዓቱን ያዘችልን። አርባ ደቂቃ ሞላ፣ ክኩ እንደ ገባ ነው። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ጥርስ ይሰብራል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው እሺ ያለን። እኔም ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ገጹ ላይ «ውሸት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሁለት መስመር አሰመርኩበት። «አገር ቤት የረሳ ሰው የጻፈው ነው» የሚል ደብዳቤም ጀምሬልሽ ነበር። እንኳን አልጨረስኩት።

በዚያው ሰሞን የሊያ አጎት አረፉ። ሊያ የልጄ የታደለ ሚስት፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ መሆኗን ታስታውሻለሽ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ከዚያው እኛ ከቀመስንበት ጆንያ አምስት ኪሎ ክክ ሰፍሬ ይዤ ሄድኩ። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሹራቤን። ሴቶቹ ክኬን ሲጥዱት እኔ ያው እኔ ነኝና «እሱ እንኳ ዛሬ የሚደርስላችሁ አይመስለኝም» አልኳቸው። ከሰው ጋር ተቀምጬ ትንሽ አልቅሼ፣ ትንሽ አውርቼ ወደ ማድቤት ብመለስ ክኩ ፍርክስክስ ብሏል። ሃምሳ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም። «ምን ጨመራችሁበት?» ብላቸው ሳቁብኝ። «ምን እንጨምራለን? እኛ አገር ክክ እንዲህ ነው የሚበስለው» አሉኝ።

እዚያው ምድጃው አጠገብ የዛሬ ሦስት ዓመት ያደረግኩት ትዝ አለኝ።

የኅዳር ጽዮን ማኅበር ሁልጊዜ የእኔ ተራ ነው። ያን ዓመት ሊያ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ሙያዋን ሰው ይይላት ብዬ የክኩን ድስት ሰጠኋት። እሷ በአገሯ ልማድ ደረሰ ባለችበት ሰዓት ሽንኩርቱንም ጨውንም ጨመረችበት። ጨው ቀድሞ የገባበት ክክ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቢያነዱበትም ገግሞ ይቀራል። ለማኅበርተኛው ሲቀርብ ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ አለ። እኔም በአሥራ አንድ ሴት ፊት «እናትሽ ወጥ ሳታስተምርሽ ነው የዳረችሽ?» አልኳት። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ወር ሳይሞላ ታደለ የሚያስተምርበት ጫጫ ቤት ተከራይተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ለፋሲካ ይመጣሉ፣ ትበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ማድቤቴን ግን ረግጣ አታውቅም። የልጅ ልጄንም የማያት እንደ እንግዳ ነው።

ታደለ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር። «እማዬ፣ ከፍታው ነው፤ እዚህ ውሃው እንደ ቆላው ሳይግል ነው የሚፈላው» ሲለኝ «ክክ ዳገት ወጣ ቁልቁለት ወረደ ምን አገባው?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ያስተማርኩት እኔ፣ ያልሰማሁትም እኔ።

ለቅሶ ቤት የራስ ጉዳይ አይነሳምና ሐዘንተኞቹን ተሰናብቼ ተመለስኩ። በሳምንቱ ጫጫ ሄድኩ። ሽማግሌ ልላክ ብዬም ነበር፤ ግን የተናገረው አፍ የእኔ፣ ሽማግሌ ምን አደከመው? ሊያ በክብር ተቀበለችኝ፣ ወንበሩን በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ያየሁትን ነገርኳትና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ቡና ቀድታ ሰጠችኝ። በኋላ «እማማ፣ ይቅር ብያለሁ። ግን እዚህ ያለነው ሁለታችን ነን፤ ያኔ ሰው ነበር» አለችኝ።

አልዋሽሽም፣ ተቆጥቼ ነው የወጣሁት። አማት ምራቷ ቤት ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ ይህ ይመለስላታል? በሚኒባሱ ስመለስ ግን ነገሩን አገላብጬ ሳየው ልጅቷ ያለችው ልክ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ጾም ደግሞ ሆነና ቅቤውም የለ። ያለኝ ያው አፌ ብቻ ነው፣ ባበላሸሁበት ማስተካከል አለብኝ አልኩ።

ኅዳር ሃያ አንድ ማኅበሩ ደረሰ። «ነዪ፣ ክኩን የምትሠሪው አንቺ ነሽ» ብዬ በታደለ ላክሁባት። ትመጣለች ብዬ አላመንኩም ነበር፤ በማለዳ መጣች። ድስቱን ገና በጠዋት ጣደችው፤ እኔ እጄን እየበላኝ ወደ ምድጃው ሳልጠጋ ዋልኩ። ጸሎት ደርሶ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ያንን ቀይ የጻፍኩበትን ገጽሽን ይዤ ቆምኩ። «ይህች ልጅ ሙያ የላትም ያልኩት እናንተ ባላችሁበት ነው፤ ቃሌን የማነሳውም እናንተ ባላችሁበት ነው። ወጥ ያላወቀችው ሊያ አይደለችም፤ አገሯን ያላወቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ታንጉ ታዲያ ዝም ትላለች? «እኛዋ በሰለች ተሳስቻለሁ አለች! ዓመተ ምሕረቱን ጻፉልኝ!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ሊያ አልሳቀችም። መጥታ ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል ይዤ አነሳኋትና እኔ አለቀስኩ።

ክኩ እንዴት ነበር ካልሽኝ፣ ድስቱ ተጠርጓል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሊያ ሳልጠራት ማድቤት ገብታ ዕቃውን ማጠብ ጀመረች። መደርደሪያውን አየት አድርጋ «የበርበሬውን ቦታ ቀየሩት እንዴ እማማ?» ስትለኝ ደስታዬን የምደብቅበት ጠፋኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የበርበሬዬን ቦታ አልረሳችም።

እንግዲህ እህቴ፣ «ውሸት» ያልኩትን ሰርዘሽ እዪው። አርባ ደቂቃሽ ውሸት አይደለም፤ አንቺ ባሕር ጠርዝ ላይ፣ ከቆላም ዝቅ ባለ አገር ሆነሽ ስለሠራሽው ነው። የተስተካከለውን ገጽ ሊያ በእጇ ጽፋዋለች። ቆላ ስንት፣ ደብረ ብርሃንና አንኮበር ስንት ብላ ለይታዋለች፤ ጨው ክኩ በጣት ሲጫኑት ከፈረሰ በኋላ እንዲገባም አስጠንቅቃለች። አንድ ቃል እንዳትቀይሪባት። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ይህን ገጽ ያስተካከለችው የሸዋ ሮቢቷ ባለሙያ ሊያ ገብረ ጻድቅ ናት» ብለሽ ጻፊልኝ። እኔ በአሥራ አንድ ሴት ፊት ያልኩትን በአሥራ አንድ ሴት ፊት አንስቻለሁ። ግን ክፉ ቃል እግር አለው፤ ስንት ቤት እንደገባ አላውቅም። መጽሐፍሽም ስንት ቤት እንደሚገባ አላውቅምና ስሟን ጎላ አድርጊው።

ባየውን ሰላም በዪልኝ። ናዝራዊትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ክክ መሥራት ትልመድ። ጋሽ ጣሰው «መጽሐፉ ሲታተም አንዱ የእኔ ነው» ብለዋል። ታንጉ ስለ ዘይቱ አደራ ብላለች፣ ፋና ስለ አንጮቴው። ታደለ አክስቴን ሳሚልኝ ይላል፤ እኔን ደግሞ «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ከማኅበሩ ወዲህ እዚሁ የሰነበተችው ሊያም ሰላም ብላሻለች። ስምሽ መጽሐፍ ላይ ይውጣ ስላት «ኧረ ይተዉት እማማ፣ ምን ያደርጋል» አለችኝ፤ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ግን ተመልሳ መጥታ፣ የአባቷን ስም በትክክል ጽፌው እንደሆነ አየችው።

እህትሽ በሰለች
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.