የፈረምኩበት ሳጥን

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ከጠዋቱ 4:00

ዛሬም ስድስት ሴቶች መጡ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። ሳል፣ የዓይን ማሳከክ፣ የወገብ ሕመም። ዱቄት የሚነፋበት ክፍል መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ብናኙ መውጫ የለውም። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይግዙልኝ ብዬ ከጠየቅሁ ወር አለፈ። ለአራቱ ውኃ ጠጡ አልኳቸው። ሦስት ዓመት ነርስነት ተምሬ፣ ውኃ ጠጡ። ለሁለቱ ከቦርሳዬ ፓራሲታሞል ሰጠኋቸው።

ማስታወሻዬ፣ ስለዚህ የብስኩት ፋብሪካ ክሊኒክ ስነግርሽ ሳይሰለችሽ አይቀርም። አንድ አልጋ አለኝ፤ ግማሹን የብስኩት ካርቶን ይዞታል። የመድኃኒት ቁም ሳጥን አለኝ፤ ቁልፉ ግን የአስተዳደር ኃላፊው የአቶ ደሳለኝ ኪስ ውስጥ ነው። መድኃኒት ይሰረቃል አሉ። እሳቸው ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ ቁልፉም አብሯቸው ይሄዳል።

ሴቶቹ ልብስ የሚቀይሩት ከጆንያ ክምር ጀርባ ነው። አንዷ ስትቀይር ሌላዋ ነጠላ ዘርግታ ትከልላታለች። መጸዳጃ ቤቱ መቀርቀሪያ የለውም።

ለምን አልሄድም? የሁለት ዓመት ውል አለብኝ፤ ገና ስምንት ወሬ ነው። የዲፕሎማዬ ዋናው እነሱ ዘንድ ተቀምጧል። ዋስ ሆነው የፈረሙልኝ ደግሞ አጎቴ ናቸው። ብጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 9:00

ግርግር። አልጋው ላይ የነበረው ካርቶን ወጣ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ። መጋረጃ ተሰቀለ። መጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ገባለት። ለእኔ ደግሞ ነጭ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን መጣልኝ። ጎዝ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ አዮዲን፣ መቀስ፣ የቃጠሎ ቅባት። አንድ በአንድ እያነሳሁ አየሁት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ በር ወጥቼ ዘበኛውን ጋሽ ውበቱን ምን ተገኘ ብዬ ጠየቅኋቸው። ነገ ከሠራተኛ ጉዳይ መ/ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል አሉኝ። ደስታዬ እዚያው በር ላይ ቀረ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። 11:15፣ ከሥራ መውጫ

ተቆጣጣሪዋ መጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ ቅጽ የያዘች። አቶ ደሳለኝ ከአጠገቧ አልተለዩም። እያነበበች ትጠይቀኛለች። ጎዝ አለ? አለ። ፋሻ አለ? አለ። ክሊኒኩ ሠራተኛው በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ሁሉ ክፍት ነው? አቶ ደሳለኝ ቀና ብለው አዩኝ። አዎ አልኩ። ስሜን፣ የሙያ ፈቃድ ቁጥሬን ጽፌ ፈረምኩ።

ሄደች። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የመጋዘን ሠራተኛው መጥቶ ሳጥኑን አነሳ። የባለቤቱ ሌላ ፋብሪካ ነገ ስለሚጎበኝ ወደዚያ ይሄዳል አለኝ። ካርቶኖቹ አልጋው ላይ ተመለሱ። መጋረጃው ብቻ ቀረልኝ።

ለምን አዎ አልኩ? ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

በአጭሩ ልጻፈው።

ስንዱ። ሊጥ ማቡኪያው ማሽን ላይ የምትሠራው። ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጠዋት 4:20 ላይ ጩኸት ሰማሁ። ሮጥኩ። ቀኝ እጇን የማሽኑ ክንድ ይዞታል። ስደርስ አንድ ሰው ማሽኑን አጥፍቶታል። ሁለቱ ጣቶቿ... አልጽፈውም። ሊጡ ቀልቷል።

ሳጥን የለም። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። አቶ ደሳለኝ ከተማ ናቸው፤ ብደውል ብደውል አያነሱም። ነጠላዬን ቀደድኩ። እጇን ጠቅልዬ፣ ከደረቷ በላይ ከፍ አድርጌ፣ በባዶ እጄ አጥብቄ ያዝኩት። የፋብሪካው መኪና ብስኩት ጭኖ ወጥቷል። ጋሽ ውበቱ አስፋልቱ መሃል ቆመው ባጃጅ አስቆሙልን።

ስንዱ አላለቀሰችም። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ ያባርሩኛል?»

አያባርሩሽም አልኳት። ማን ሆኜ እንደሆነ እንጃ።

ሆስፒታል ወዲያው ተቀበሏት። ሁለቱ ጣቶች ግን አልተረፉም። ሐኪሙ የነጠላውን ቁራጭ እየፈታ፣ እጇን በዚህ ያሰረው ማነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ነርስ ነኝ ማለት ግን አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። 5:30

አቶ ደሳለኝ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ወረቀት። አንዱ የጉዳት ሪፖርት ነው፤ ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ሠራተኛዋ በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት እጇን ማሽን ውስጥ አስገብታ ተጎድታለች፤ በክሊኒኩ ተገቢው የመጀመሪያ ዕርዳታ ተደርጎላታል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ረቡዕ የፈረምኩበት ቅጽ ቅጂ ነው።

ይሄ እውነት አይደለም አልኳቸው። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

እሳቸው ድምፃቸውን አላነሱም። «የትኛው? ሳጥኑ አለ ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ካለ ለምን አልተጠቀምሽበትም? ከሌለ ለምን ፈረምሽ? የሙያ ፈቃድሽ ቁጥር እኮ ነው እዚህ ላይ ያለው። እንደ እህቴ ነው የምነግርሽ።»

የሪፖርቱን ቅጂ ሰጡኝ። እስከ ማክሰኞ አስቢበት አሉኝ።

ከወጣሁ ጀምሮ ማሰቢያ የሚሆን ቦታ አእምሮዬ ውስጥ አጣሁ። ብፈርም ስንዱ ጥፋተኛ። ባልፈርም እኔ። በየትም ብዞር ያው የራሴ ፊርማ ነው ፊቴ የሚቆመው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ደብረ ወርቅ ላለችው እናቴ ደወልኩ። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ የፋብሪካ ሐኪም ናት እያለች ታወራለች። ሥራ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። ልብስ አጠብኩ። የስንዱ ደም ከቀሚሴ እጅጌ አልለቀቀም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 8:00፣ ከሆስፒታሉ ግቢ

ስንዱን አየኋት። ቀድመውኛል። አቶ ደሳለኝ ትናንት ብርቱካን ይዘው መጥተው፣ ስትድኚ ማሸጊያ ክፍል ቀላል ሥራ እንሰጥሻለን ብለዋታል። ስለ እኔም፣ ሲስተር ሙሉ ትፈርምልሻለች ብለዋታል። ፈርሚልኝ ብላ ለመነችኝ።

ማስታወሻዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት እሷ ትወስንልኝ ብዬ ነው። ሸክሜን ጣቷ የተቆረጠ ሰው ላይ ላራግፍ። አፈርኩ።

ወረቀቱን ሰጠኋት። እስከ ስምንተኛ ተምራለች። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በግራ እጇ ጣት እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች።

«የጥንቃቄ ጉድለት ማለት ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው?»

አዎ አልኳት።

«ቀላል ሥራ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

የለም።

ቆይቼ የማሽኑን መከለያ ማን እንዳነሳው ጠየቅኋት። የምን መከለያ አለችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሠርታበታለች። እጅ እንዳይገባ የሚከለክል ክዳን እንዳለው አታውቅም። ጋሽ ውበቱ እንደነገሩኝ ከመቀጠሯ በፊት ነው የተነሳው፤ ዱቄት ሲጨመር ጊዜ ይፈጃል ተብሎ። መጋዘን ጥግ ላይ ቆሟል። እኔ አውቀዋለሁ። ስምንት ወር አጠገቡ አልፌያለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ ቦታው ይመለስ ብዬ አልተናገርኩም።

ልሄድ ስነሳ ወረቀቱን መለሰችልኝ። «እንዳየሽው ጻፊው። ፈርቻለሁ ግን፣ ሲስተር።»

እኔም ፈርቻለሁ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 6:00

አልፈረምኩም። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ አልፈርምም አልኩ፣ በቃ። አቶ ደሳለኝ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ክሊኒኩን አስረክቢ፣ ዲፕሎማሽን ውልሽ ሲያልቅ ትወስጃለሽ አሉኝ። የማስረክበው ምን አለ? መጋረጃውን አስረከብኩ።

ከበር ወጥቼ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የፈረምኩትንም ጭምር። ዋስ ስለሆኑ ሊጠሩዎት ይችላሉ አልኳቸው። ሲቆጡ ልሰማ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጤፍ እያጨድኩ ነው» አሉኝ። «ከቅዳሜ በፊት እንዳይጠሩኝ ብቻ ንገሪያቸው።»

ሳቄ መጣ። አስፋልት ዳር ቆሜ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ መከለያው፣ ስለ ጆንያው ጀርባ። ስለ ራሴም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። 10:30

ሠራተኛ ጉዳይ መ/ቤት ሄድኩ። ያችው ተቆጣጣሪ ናት። ሦስቱን ገጽ ቁጭ ብላ አነበበች። ከመሳቢያዋ ያንን ቅጽ አወጣችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ሁለቱም ላይ የእኔ ፊርማ።

የትኛውን ልመን አለችኝ። ሁለተኛውን አልኳት፤ የመጀመሪያው ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው የፈረምኩት። ይሄ ፈቃድሽን ሊያስጠይቅ እንደሚችል ታውቂያለሽ አለች። አውቃለሁ። ቢሆንም ይመዝገብ አልኳት። መዘገበችው። አልማረችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። ከዚያ እሷም ፊቷ ተለወጠ። ስንመጣ አስቀድመን ማሳወቃችን ነው ጥፋቱ አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው።

ነገ 3:00 ሰዓት ሳታሳውቅ ትሄዳለች። መጋዘኑን፣ ማሽኑን፣ መጸዳጃ ቤቱን ታያለች። ልታስገድደኝ እንደማትችል፣ ብመጣ ግን እንደሚጠቅማት ነገረችኝ።

ምን እንደሚሆን አላውቅም። ዲፕሎማዬ እዚያው ነው። ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

አሁን ስንዱ ደወለች። ነገ ጠዋት ከሆስፒታል ትወጣለች። የሆነውን ነገርኳት። እኔም እመጣለሁ አለች። አርፈሽ ተኚ፣ ቁስልሽ ገና ነው አልኳት። እምቢ አለች። ማሽኑ የት ጋ እንደያዛት ሌላ ሰው ሊያሳይላት አይችልም።

ጠዋት 2:30 ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ባጃጅ ይዘን አብረን እንገባለን።