ስቴንለስና ተራ ብረት ሲጋጠሙ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ የረገጥከው ሁሉ ይቅናህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። አጎትህ ግን ከብየዳ ቤታችን ሊያስወጣኝ ነበር። የሰፈራችንን ክሊኒክ የስቴንለስ፣ የማይዝግ ብረት፣ ውኃ ታንከር ከተራ ብረት እግሮቹ ጋር ልበይድ ስል፣ «በተራው ኤሌክትሮድ፣ በዚሁ ባለን የብየዳ ዘንግ ተገላገይው፣ ማን ያየዋል?» አለኝ።

«ብየዳው ይሰነጠቃል!» አልኩት። «በሽተኞች ከሥሩ ነው የሚቀመጡት። ሁለቱን ብረቶች የሚያስማማው ቁጥር ሦስት መቶ ዘጠኝ የሚባለው ኤሌክትሮድ ካልመጣ አልነካውም።»

«እንግዲያው ቤትሽ ግቢ!»

ጭምብሌን ታቅፌ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ቢጮኽም አልተነሳሁም። በማግስቱ እያጉረመረመ ኤሌክትሮዱን አመጣው፤ እኔው በየድኩት። ታንከሩ ሲሞላ ከሥሩ ቆምኩ፤ ብየዳው አልተሰነጠቀም፣ አንዲት ጠብታም አልወረደች።

ደርበህ ልበስ፣ ብርዱ እንዳይመታህ። አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። ደውልና ድምፅህን አሰማኝ፤ «ሥራውን ተይው» ካልከኝ ግን እዘጋብሃለሁ።

እናትህ