ከስቶ አልሞተብኝም

ረሆቮት፣ ኖቬምበር 2015

ውድ ፈረደ፣

እንደምን ነህ አልልህም፤ በእጄ አፈር አልብሼህ ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ? ተናድጄብሃለሁ። ሞተህም እንኳ አልበረደልኝም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ ማታ እናትህ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መልሱ ያለው አንተ ጋ ስለሆነ ነው የምጽፍልህ።

ያኔ ቂርያት ቫይዝማን ያለው መሥሪያ ቤትህ ሠራተኛውን ሁሉ የደም ምርመራ ሲያስደርግ፣ እየሳቅህ ነበር የሄድከው። «እኔ ምን ሆኜ? ድንጋይ ብበላ እፈጫለሁ!» ብለህ። ከዚያ ከጤና ጣቢያችን ከኩፓት ሆሊም ጠሩን። ዶክተር ኬረን የጉበትህ ኢንዛይም ከልክ በላይ መሆኑን፣ ጉበትህ ላይ ስብ መጠራቀሙን፣ ስኳርህም ወደ ላይ እያለ መሆኑን ነገረችን።

«እኔ እኮ ምንም አያመኝም» አልካት።

«ጉበት ሲጎዳ አይናገርም» አለችህ። «ላየህ ሰው ጤነኛ ነህ። እኔ ግን ለልብህም ፈርቻለሁ። ውፍረትህን ቀንስ፣ ተራመድ፣ ኮላውን ተው።» መድኃኒት እንኳ አላዘዘችልህም።

ገና ደረጃውን ሳንጨርስ እጄን ይዘህ «ለእናቴ ትንፍሽ እንዳትዪ። ቶመር ይሙት በይ» አልከኝ። በአንድ ልጄ አስማልከኝ! ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቤተሰባችሁ ወደዚህ አገር ለመምጣት አዲስ አበባ አውሮፕላን ሲጠብቅ፣ እህትህ ማናለሽ ከስታ ከስታ በእናትህ እቅፍ ውስጥ ነው ያለፈችው። ክፉ ወሬ ደግሞ ለእናት ፊት ለፊት አይነገርም፤ ያደግነው እንዲያ ነው። ቤሰደር፣ እሺ ብዬ ማልኩልህ።

ስትከሳ እንዴት አምሮብህ ነበር! አመሻሽ ላይ ሰፈራችንን ክፋር ግቢሮልን እየዞርክ ስትራመድ፣ እኔ ከኋላህ እያለከለክሁ «ቀስ በል፣ ማን አባረረህ?» እልህ ነበር። ሱሪህ ከወገብህ እየወረደ በሳቅ ሞትን። ኢንዛይሙም ወረደ። ዶክተር ኬረን አጨበጨበችልህ። የዚያን ዕለት መንገድ ላይ ሰው እያየን ሳምከኝ፤ አንተ፣ ያ ዓይን አፋሩ!

ከዚያ የዘመድ ሰርግ መጣ። ስትወፍር «እሰይ፣ ተመችቶታል» ሲሉህ የኖሩት ዘመዶችህ ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡብህ። አንዷ ወደ ጥግ ስባኝ «ልጄ፣ አትደብቂን፤ ምን በሽታ ያዘው?» አለችኝ። ሌላዋ ምግብ የምነፍግህ መስሏት ስትገላምጠኝ አመሸች። እናትህማ በማግስቱ በጠዋት መጡ። ጉንጭህን በሁለት እጃቸው ይዘው «አንተም እንደ ማናለሽ ልትሄድብኝ ነው?» ብለው እንባቸውን ለቀቁት።

አንተ ምን አደረግህ? ይዘው የመጡትን የሰንበት ዳቦ ከእጃቸው ተቀብለህ ጎረስክ። «እንዲያ ነው የኔ ጌታ!» አሉህ። ከዚያ ወዲያ ሰንበት በመጣ ቁጥር ዳቦው፣ ቅቤ የጠጣው ወጥ፣ ኮላው። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግርህን ስረግጥህ «ያላ፣ ዛሬን ብቻ» ትለኛለህ። ምርመራውንም ተውከው። ጉንጭህ መልሶ ሲሞላ እናትህ እልል አሉ።

ባለፈው ክረምት ከሥራ ስትመለስ አውቶብስ ማቆሚያው ላይ ወደቅህ። ልቡ ነው አሉኝ።

ለቅሶው ላይ እናትህ ምን እንዳሉ ልንገርህ? ደረታቸውን እየመቱ «ተመስገን፣ እሱ እንኳ ከስቶ አልሞተብኝም። ከእጄ በልቶ፣ ጠግቦ ነው የሄደው» አሉ። እስከዚያ ዓርብ የሚጽናኑት በዚህች ነበር። እኔም መሐላህን ጠበቅሁልህ።

አሁን ደግሞ ቶመር። ከጻቫ፣ ከውትድርናው፣ ገና የተሰናበተው ልጅህ፣ በር የሚሞላው፣ ጉንፋን እንኳ የማያውቀው። ዶክተር ኬረን የአባቱን ነገር ስለምታውቅ ይመርመር አለችኝ። ያው ያንተው ኢንዛይም ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና ነው፣ ከተጠነቀቀ ይመለሳል አለችን። እሱም እንዳንተ መራመድ ጀመረ።

ያን ዓርብ ማታ እናትህ ዳቦውን ትልቅ አድርገው ቆረሱና «ጉንጭህ ጎደለብኝ፤ ብላ» አሉት። ቶመር ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ያንተ ዓይን ነው። በእሱ ሞት ምዬ እሱን ልቅበር? ተነሥቼ ዳቦውን ከእጃቸው ወሰድሁት። የሰንበት ዳቦ፣ ከአማት እጅ! ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉበትህን፣ ስኳርህን፣ ያኔ የከሳኸው ታመህ ሳይሆን እየዳንክ እንደነበር።

አልጮኹም። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ከዳቦው ትንሽ ቁራሽ ቆንጥረው «እንግዲያስ ይህችን ብቻ» ብለው ለቶመር ሰጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለዚህስ ነገርሽኝ፤ ደግ አደረግሽ። ለልጄ ለምን አልነገራችሁኝም? ከአፉ እነጥቀው ነበር እኮ!»

ያስማልከኝ አንተ ነህ፣ ፈረደ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም፤ ዳቦም አልጋገሩም። ቶመርን አደራ አትበለኝ፣ ማንም አይነካብኝም። ለእናትህ ግን አንተ መልስላቸው፤ በሕልማቸውም ቢሆን ና።

እየተናደደችም የምትናፍቅህ፣
ማንተገብሽ