የምስር ወጡ ሳህን

ክንዱ፣
የቤታችንን ቁልፍ ለእትዬ ቻይነሽ ሰጥቻቸዋለሁ። የፋኖሱ ጋዝ አልቋል።

በቀበሌው አዳራሽ ባየነው ፊልም ሙስሊሙ ስደተኛ አባት ልጁን ከፈረንጅ ፍቅረኛዋ ሲነጥላት እንባህ ወርዷል። «ምን አለ ቢተዋቸው?» ያልከኝ አንተ ነህ። በማግስቱ ግን ሱቃቸው ድረስ ሄደህ የእኔንና የነጂባን ነገር ለየመናዊው አባቷ ነገርካቸው። ዛሬ ጠዋት ደሴ፣ አጎቷ ዘንድ ላኳት። እኔም የይለፍ ወረቀት አውጥቻለሁ፤ ተከትያት መሄዴ ነው።

እኔም አንድ የበደልኩህ ነገር አለ። ዓቢይ ጾሙን ሙሉ «እጅህ ይባረክ» እያልከኝ የበላኸውን ምስር ወጥ የሠራችው ነጂባ ናት። ሳልነግርህ ማብላቴ ጥፋት ነው።

ወጡ ይመጣበት የነበረውን ሳህን አጥቤዋለሁ። ሱቁን ታውቀዋለህ፤ ለእናቷ አንተው መልስላቸው።

ደረሰ