ሁለት አሻራ ያረፈበት ድምፅ

ረቡዕ
በሦስት ድምፅ ተሸነፍኩ። ሦስት!

ውድቅ የሆኑት ወረቀቶች ግን ከሦስት ይበልጣሉ። አብዛኞቹ ላይ አንድ የጣት አሻራ በኔ ምልክት፣ አንድ በተፎካካሪዬ በሰይድ ምልክት አርፏል። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ! ማንንም ላለማስቀየም ሁለታችንንም መርጠው እኔን ጣሉኝ።

የወረዳ ምክር ቤቱን ወንበር አልፈለግኩትም ብል ዋሸሁ። ወንዙ ሲሞላ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ዳር የምንቆመው እስከ መቼ ነው? ድልድይ ብሎ የሚጮህ ሰው ያስፈልገን ነበር። ሰይድ የሚያስበው ስለ ገበያው ነው። ጎረቤቴ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ
የምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚዎች አልተቀበሉኝም። ማመልከቻ ጸሐፊው ግን፣ "አንድ ሰው ብቻ ምረጡ ተብሎ ካልተነገራቸው ምርጫው ይደገም ማለት ትችያለሽ" አለኝ። ሁለት ሽማግሌዎች አልሰማንም ብለውኛል። ትንሽ ተነፈስኩ።

ለአባባ ስነግራቸው፣ "እኔም ሁለታችሁም ላይ ነው ያተምሁ" አሉኝ።

ክው አልኩ። የሰው አባት ቢሆኑ በሳቅኩ።

"ሸህ እንድሪስ፣ አላህ ይራህመውና፣ ሊሞት ሲል ልጁን ሰይድን አደራ ብሎኛል። አንቺ ልጄ ነሽ፤ እሱ አደራዬ ነው።"

ወዲያው ደግሞ ጥሩ ምስክር ይሆኑኛል ብዬ አሰብኩ። አፈርኩ፤ ግን ጠየቅኳቸው። እሺ አሉ።

ሰኞ
መካነ ሰላም፣ ፍርድ ቤት። አባባ ከሚኒባሱ ወርደው አቧራቸውን አራገፉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ገብተው ማሉ።

"አንድ ብቻ ምረጡ ተብሎ ተነግሮዎት ነበር?" አለቻቸው ዳኛዋ።

"አዎ የኔ ልጅ፣ ሁለት ጊዜ ተነግሮናል። ሁሉም ሰምቷል። አልጨከንሁም እንጂ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። አቤቱታዬ ውድቅ ተደረገ።

ማክሰኞ
ደሴ ይግባኝ ማለት ይቻላል ይሉኛል። ምን ብዬ? አባቴ በሐሰት ማሉ ልበል?

ሰይድ መጣ። እንኳን ደስ አለህ ማለት አቃተኝ። "የድልድዩንም ጉዳይ እናነሳዋለን፣ ኢንሻ አላህ" አለ። ውሸታም አይደለም፤ ግን ይረሳዋል። ክረምቱ ደግሞ አይረሳም።

ሲሄድ አባባን ጠየቅኳቸው፤ "ምርጫው ቢደገም ኖሮ፣ አሁንም ሁለታችንም ላይ ነበር የሚያትሙት?"

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

"ያኔስ ከቤት አልወጣም ነበር" አሉኝ።

የገዛ አባቴን ድምፅ ያላገኘሁ ማንን ልለምን? ተናድጄባቸው ልተኛ ፈለግኩ። እሱም አልሆነልኝም።